ሐሙስ የሚመረጡ እንደራሴዎች

በእንግሊዝ አገር የወረዳ ምክር ቤት እንደራሴዎች የሚመረጡት በሜይ ወር በመጀመሪያው ሐሙስ ነው፤ ይህም ዕለት በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 23 እስከ 29 ባሉት ቀኖች ስለሚውል፣ እንግሊዞችም ጠባቂያችን የሚሉት ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በእኛ ዘንድ በሚዘከርበት ሰሞን የሚደረግ ምርጫ ነው ለማለት ይቻላል።

የወረዳ ምክር ቤት ሥልጣን ታላላቁን ነገር አይነካም። የየቤቱን ጥራጊ ማስነሣት፣ ቤት መሥራት ለሚሻው ፈቃድ መስጠት ወይም መንሣት፣ ማደሪያ ያጣውን ማስጠለል ለእርሱ የተሰጠ ተግባር ሲሆን፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ግን ከበላዩ ያለው የካውንቲ ምክር ቤት ድርሻ ነው፤ ይሁን እንጂ ግብር ከፋዩ ይህን ድንበር ሁልጊዜ ስለማይለየው፣ ለወረዳ የተወዳደረው ሰው ከደጁ ሲቆም የመንገዱን ጉድጓድ እያሳየ ይሞግተዋል።

በምሥራቅ እንግሊዝ ያለችው ሚድ ሰፎክ የእርሻና የመንደር ወረዳ ናት፤ ምክር ቤቷ ጽሕፈት ቤቱን ከወሰኗ ውጪ፣ በኢፕስዊች ከተማ ማድረጉ እንግዳን ሰው ያስገርማል። ቀድሞ ወግ አጥባቂዎች ይመሯት የነበረችው ይህች ወረዳ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ34ቱ መቀመጫዎች 24ቱን ለአረንጓዴ ፓርቲ ሰጥታ፣ ለወግ አጥባቂዎች 6፣ ለሊበራል ዴሞክራቶች 4 ብቻ አስቀረች፤ አረንጓዴዎቹም በእንግሊዝ ምድር አንድን ምክር ቤት ብቻቸውን በአብላጫ ሲይዙ ይህ የመጀመሪያቸው ሆነ። እንዲህ ያለው መገለባበጥ የሕዝቡ ልብ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተለውጦ የሚመጣ አይደለም፤ በየቀበሌው ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ፣ እኩሌታውን ባይደርስ እንኳ፣ መቀመጫውን ስለሚወስድ፣ ጥቂት ድምፅ ከወዲያ ወደ ወዲህ ሲሸጋገር ብዙ ወንበር ይፈናቀላል።

ድምፅ የሚሰጠው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። አስመራጩ ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ለተገኙት አሳይቶ ያሽገዋል፤ መራጩም፣ ከ2023 ወዲህ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ ካሳየ በኋላ፣ ለብቻው ገለል ብሎ በእርሳስ የመስቀል ምልክት ያደርጋል። ይህ ምስጢር በ1872 በወጣ ሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በፖንቲፍራክት በአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ፣ ሣጥኑ የታተመው ከጣፋጭ ፋብሪካ በተገኘ ማኅተም ነበር።

በእንግሊዝ አገር የመኖር ፈቃድ ያለው የኬንያ ወይም የናይጄሪያ ዜጋ አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች ይመርጣል፤ ጎረቤቱ ኢትዮጵያዊ ግን የብሪታንያን ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ ያንኑ ግብር እየከፈለ ይመለከታል። ለእንግሊዝ ሳይገዙ መኖር በዚህ በአንድ ነገር ሳያጎድልብን አልቀረም!

ድምፅ እኩል ሲሆን ደግሞ ሕጉ በዕጣ ይለይ ይላል። በ2017 እ.ኤ.አ. በኖርዘምበርላንድ፣ የወረዳንም የካውንቲንም ሥራ አጣምሮ በሚሠራው ምክር ቤት ምርጫ፣ በሳውዝ ብላይዝ ቀበሌ ሁለት ተወዳዳሪዎች ቆጠራው ቢደጋገምም እኩል 356 ድምፅ አገኙ፤ ከ67ቱ መቀመጫዎች 33ቱን የያዙት ወግ አጥባቂዎችም ለአብላጫው የጎደለቻቸው ያች አንዲት ወንበር ነበረች። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን ለመሾም እንዳደረጉት ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣውም ገለባ ነበር፤ ለሊበራል ዴሞክራቷ ወጣላት።