ከነፋሱ የምትቀድም ጀልባ

ቪዲዮውን ያሳየሁት ጓደኛዬ ስኒውን አስቀመጠና «ሞተሩን የት ነው የደበቁት?» አለኝ። የሚነዳት ሞተር የላትም። ሁለት ሸራ፣ 26 ሜትር ተኩል የሚረዝም ምሰሶ፣ ከውስጧ አንገታቸው ብቻ ብቅ ያለ ሰዎች፤ በቃ ይኸው ነው። እንዲያም ሆኖ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ትበራለች። «ትበራለች» ያልኩት ለማጋነን አይደለም፤ ሆዷ ውሃ አይነካም። ጓደኛዬ ቪዲዮውን ደግሞ አየና ሁለተኛ ጥያቄ አመጣ፦ «ነፋሱስ በስንት ነው የሚነፍሰው?» ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ነፋሱ የእሷን ፍጥነት ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ቡና በቀረበ ቁጥር ይህንኑ ሳስረዳ ነው የምገኘው። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ጀልባዋ ኤሲ75 ትባላለች፤ የአሜሪካስ ካፕ መወዳደሪያ ናት። ውድድሩ የተጀመረው በ1851 ነው (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። «አሜሪካ» የምትባል የኒውዮርክ ጀልባ እንግሊዝ ድረስ ሄዳ ዋይት ደሴትን በመዞር አሸነፈች፤ የዋንጫው ስም የጀልባዋ ነው እንጂ የአገሯ አይደለም። ከዚያ በኋላ አውስትራሊያኖች በ1983 እስኪነጥቋቸው ድረስ ዋንጫው ለ132 ዓመት ከኒውዮርኮቹ ክለብ እጅ አልወጣም። ታሪኩ ረጅም ነው፣ እኔን ግን የያዘኝ ፊዚክሱ ነው።

ነፋስ መንገድ ላይ የሚያንከባልለውን ፌስታል አስቡ። የፈለገውን ያህል ቢሮጥ ከነፋሱ ሊቀድም አይችልም፤ ገፊው ራሱ ነፋሱ ነውና። ነፋስን ከጀርባው ብቻ የሚቀበል ሸራም ዕጣው የፌስታል ነው። ምስጢሩ ነፋሱን ከጎን መቀበል ላይ ነው። ያኔ ሸራው ተገትሮ የቆመ የአውሮፕላን ክንፍ ይሆናል፤ ነፋሱ በሁለት ፊቱ ተንሸራቶ ሲያልፍ ወደ ጎንና ወደ ፊት ይስበዋል። ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ደግሞ ውሃ ውስጥ የገባ ሌላ ክንፍ ይዟታል። እርጥብ የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣታችሁ ጫን ስታደርጉ ተስፈንጥራ ትወጣ የለም? አንዱ ጣት ነፋሱ፣ ሌላው ጣት ውሃው ነው።

ቆይ፣ ዋናው ገና ነው። ዝናብ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ከቆማችሁ አናታችሁን ይመታችኋል። ስትሮጡ ግን ፊታችሁን ነው፤ ጃንጥላውን ወደ ፊት ታዘነብላላችሁ። ዝናቡ ያው ነው፣ ሩጫችሁ ነው ያዘነበለው። ጀልባዋም ስትሮጥ ከፊቷ የራሷን ነፋስ ትፈጥራለች፤ ያ ከእውነተኛው ነፋስ ጋር ተደምሮ ሸራዋ ላይ ይደርሳል። በሮጠች ቁጥር የሚደርሳት ነፋስ ይበረታል፤ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ትሮጣለች። ነፋሱን በከፊል ራሷ ነው የምትሠራው ማለት ነው! እኔ ይህ የገባኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ባለቤቴ ምስክር ናት።

ታዲያ እየጨመረች እየጨመረች የማትሄደው ለምንድን ነው? ውሃው ይይዛታል። ውሃ ከአየር ወደ 800 እጥፍ ገደማ የታጨቀ ነገር ነው፤ ጀልባ ሆዷን በእሱ ውስጥ እየጎተተች ስትሄድ ራሷ ባነሳችው ማዕበል ትታሰራለች። መፍትሔው ሆዱን ከውሃ ማውጣት ነው። የኤሲ75 ጎንና ጎን እንደ ፌንጣ እግር የሚታጠፉ ሁለት ክንዶች አሉ፤ ጫፋቸው ላይ ፎይል የሚባል ትንሽ ክንፍ አለ። ከሚሮጥ መኪና መስኮት እጃችሁን አውጥታችሁ መዳፋችሁን በትንሹ ቀና ስታደርጉ እጃችሁ ሽቅብ ይነሳል፤ ፎይልም ውሃ ውስጥ ይህንኑ ይሠራል። ውሃ ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ክንፍ ይበቃዋል፤ 6 ቶን ተኩል የሚመዝን ነገር፣ እህል እንደ ጫነ አይሱዙ አስቡት፣ በአንድ ክንድና ኋላ ባለው መሪ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ክንድ አየር ላይ ተዘርግቶ ሚዛን ይጠብቃል።

ድምፁን ስሙት፣ በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ሆዷ ማዕበሉን ሲደበድብ ዷ፣ ዷ፣ ዷ ይላል። ከዚያ በአንድ ቅጽበት ድብደባው ይቋረጣል። የሚቀረው የነፋሱ ፉጨትና ከስር የሚመጣ ቀጭን ጩኸት ነው። ተነስታለች ማለት ነው።

ሸራውን የሚቆጣጠረው ጉልበት እስከ 2024ቱ ውድድር ድረስ ከሰው ይመጣ ነበር። በ2024 ባርሴሎና ላይ በእያንዳንዷ ጀልባ ከነበሩት ስምንት ሰዎች አራቱ ሥራቸው ፔዳል መምታት ብቻ ነበር፤ እነሱ በቧንቧ ውስጥ ላለ ዘይት ግፊት ያመነጫሉ፣ ዘይቱ ሸራውን ይስባል። ኒውዚላንዶች ይህንን ይዘው በ2017 ቤርሙዳ ላይ ሲመጡ ካሳፈሯቸው አንዱ ሳይመን ቫን ቬልቱቨን ነበር፤ በለንደን ኦሎምፒክ በብስክሌት ነሐስ ያገኘ ሰው። ዋንጫውን ወሰዱ። ባሕሩን ሳያይ አንገቱን ደፍቶ ፔዳል እየመታ የባሕር ውድድር የሚያሸንፍ ሰው፣ መቼም ለእናቱ ሥራውን ማስረዳት ሳይቸግረው አይቀርም።

አደጋውንም ልንገራችሁ። ጥር 17 ቀን 2021፣ ኦክላንድ። የአሜሪካኖቹ ጀልባ «ፓትሪዮት» ከጣሊያኖቹ ሉና ሮሳ ፊት ነበረች። የመጨረሻውን መታጠፊያ ዞራ አፍንጫዋን ከነፋሱ ስታሸሽ ድንገተኛ ነፋስ መታት። ይህ መታጠፊያ መርከበኞቹ ሁሉ የሚፈሩት ነው፤ ፍጥነቱም ግፊቱም በአንዴ የሚጨምረው እዚያ ነውና። ጀልባዋ ወደ ሰማይ ዘለለች፣ አየር ላይ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ በጎኗ ወደቀች። ጎኗ ተቀደደ፣ ውሃ ገባ፣ ልትሰምጥ ደረሰች። ተቀናቃኝ ቡድኖች ሳይቀሩ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ይዘው ደረሱ። ያኔ ጀልባዋ ላይ የነበሩት አሥራ አንዱም ሰዎች ተረፉ። ጀልባዋ ተጠግና በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ውድድሩ ብትመለስም ያሰበችው አልሆነላትም፤ በሉና ሮሳ 4 ለ 0 ተሸኘች። ሁሌ እንዲህ በደህና አያልቅም። በ2013 ሳንፍራንሲስኮ ላይ ለዚሁ ዋንጫ ሲለማመዱ ጀልባ ተገልብጦ እንግሊዛዊው የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ አንድሩ ሲምፕሰን ሞቷል። መርከበኞቹ ቢላዋና ትንሽ የአየር ጠርሙስ ታጥቀው የሚሳፈሩት ለዚህ ነው።

ነፋስ ሲደክም ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ። በ2021 መጋቢት ላይ፣ በፍጻሜው ስምንተኛ ዙር፣ ኒውዚላንዶች ከፎይላቸው ወርደው ዳክዬ ሆኑ። ጣሊያኖቹ ጥለዋቸው በረሩ። አለቀ ሲባል ጣሊያኖቹም ነፋስ ከድቷቸው ውሃ ላይ ቁጭ አሉ፤ ኒውዚላንዶች ተነስተው አልፈዋቸው ወደ 4 ደቂቃ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፉ።

ፍጥነቱም ጣሪያ አለው፤ ይህን ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ከማንም በላይ ይረዳዋል። እኛ ዘንድ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከፍታ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ፎይሉም በጣም ሲፈጥን በላይኛው ፊቱ ያለው ግፊት እጅግ ይወርድና የባሕሩ ውሃ በቅዝቃዜው እዚያው ይፈላል! አረፋው የፎይሉን ጉልበት ይሰርቃል። ኤሲ75ዎች 50 ኖት ሲያልፉ (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው) ከዚህ ጣሪያ ጋር ይተሻሻሉ። ጣሪያውን ሰብሮ ያለፈው አውስትራሊያዊው ፖል ላርሰን ነው፤ ቦታው ደግሞ አፍሪካችን ውስጥ፣ የናሚቢያው ዋልቪስ ቤይ። የመጀመሪያው ጀልባው በ2008 ከውሃው ተነስቶ ወደ ኋላ ተገለበጠበት። እሱ ግን አረፋውን የሚታገል ሳይሆን አረፋ ይዞ የሚሄድ፣ ሽብልቅ የመሰለ ፎይል ያለው ሌላ ጀልባ ይዞ ተመለሰና በኅዳር 24 ቀን 2012 በ500 ሜትር ላይ በአማካይ 65.45 ኖት ሮጠ። በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ በሸራ!

ቀጣዩ አሜሪካስ ካፕ በ2027 ጣሊያን፣ ኔፕልስ ነው። ስታዩ ዓይናችሁን ከሸራው አንሱና ክንዶቹ ላይ አድርጉ። ጀልባዋ ስትታጠፍ ለጥቂት ሰከንድ ሁለቱም ክንዶች ውሃ ውስጥ ይሆናሉ፤ ከዚያ አሮጌው ክንድ ውሃ እያንጠባጠበ ይነሳል። በዚያች ሰዓት ሆዷ ባሕሩን ነካ ወይስ አልነካም? አስተያየት ሰጪው ገና አፉን ሳይከፍት መታጠፊያው ማንን እንደጠቀመ ታውቃላችሁ።