ከሆቨርቦርድ የወደቀው ዶክተር፦ ከአወዳደቁ ይልቅ ከወደቃችሁ በኋላ የምታደርጉት

ይህን የምጽፍላችሁ በግራ አውራ ጣቴ ነው። ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ናት። ምክንያቱን ስትሰሙ ሳቁ፣ ተፈቅዷል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ቁም ነገሩ ያለው ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቤተሰብ ሰብስበን ለእረፍት ጎርጎራ ወረድን። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ፊት ለፊት ተዘርግቷል፣ ነፋሱ ደስ ይላል፣ ስልክም ብዙ አይጮህም። የ14 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከውጭ የተላከለትን ሆቨርቦርድ ይዞ መጥቷል። ያቺ ሁለት ጎማ ብቻ ያላት፣ መያዣ የሌላት፣ ቆመው የሚነዷት ነገር። እሱ በሐይቁ ዳር ባለው የድንጋይ ንጣፍ ላይ እንደ ዓሣ ይንሸራተታል።

«አጎቴ፣ ሞክረው እንጂ! ዝም ብለህ መቆም ነው» አለኝ።

ዝም ብሎ መቆም! እኔስ 40 ዓመት ሙሉ ስቆም አይደል የኖርኩት?

በመጀመሪያ ነገሯ እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ። ልጅ ሆናችሁ ዱላ በመዳፋችሁ ላይ አቁማችሁ ታውቃላችሁ? ዱላው ወደ ፊት ሲያዘነብል መዳፋችሁም ወደ ፊት ይከተለዋል። ሆቨርቦርድም እንደዚያው ናት። ውስጧ ያሉት መሣሪያዎች ማዘንበላችሁን ይለካሉ፣ ሞተሮቹም ጎማዎቹን ወዳዘነበላችሁበት አቅጣጫ ያስሮጣሉ። ዱላው እናንተ ናችሁ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዲን ኬመን መያዣ ያላትን ሴግዌይን ለዓለም ያሳየው በ2001 እ.ኤ.አ. ነበር።

ችግሩ የሰው አካልም የራሱ ሚዛን ጠባቂ ያለው መሆኑ ነው። የውስጥ ጆሯችን፣ ዓይናችን፣ የእግራችንና የመገጣጠሚያችን ስሜት መረጃ ይልካሉ፤ አንጎል ያቀናጃል፤ ጡንቻ ያስተካክላል። ጀማሪ ሲወጣባት ሁለቱ ሚዛን ጠባቂዎች እኩል ለማስተካከል ይሻማሉ። እኔ ትንሽ ወደ ፊት አልኩ፣ ሄደች። ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ፣ ወደ ኋላ ሮጠች። ጉልበቴ እንደ ብርድ ያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ከእግሬ ላይ አንስቼ ወደ ፊት ሳይ ግን ረጋች! አሥር ሜትር ያህል ሄድኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እህቴ ቪዲዮ እየቀረጸች ነው።

ከዚያ መውረድ መጣ። አንድ እግር ወደ ኋላ ማውረድ ሲገባኝ እንደ ደረጃ ወደ ፊት ልወርድ ሞከርኩ። ነገሯ ከሥሬ ሾለከች፣ እኔም በቀኝ መዳፌ ንጣፉን ተቀበልኩት። ሄልሜት? አላደረግኩም። የእጅ አንጓ መከላከያ? የለም። ለእናንተ ስንት ጊዜ የመከርኩትን ራሴ ረሳሁት።

አንጓዬ ወዲያው ማበጥ ጀመረ። በአካባቢው የነበሩ አንድ አባት ሮጠው መጡ፤ «አይዞህ ልጄ! እዚህ ቅርብ እጀ መልካም ወጌሻ አለ። ሳብ አድርጎ ጥብቅ አድርጎ ቢያስርህ ይሻልሃል» አሉኝ። በቅንነት ነው የተናገሩት። ሕመሙ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ? ለአንድ አፍታ እሺ ልል ነበር።

ያስቆመኝ ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ ያየሁት ልጅ ነው። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፣ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሌሊቱን ሙሉ አመመኝ እያለ አለቀሰ፤ «ስብራት ያማል፣ ቻለው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ስብራቱ በጄሶ የሚድን ነበር። እጁ ግን ተቆረጠ።

ለምን? የተሰበረ ቦታ ያብጣል። ዙሪያውን ጥብቅ ካሰርነው እብጠቱ መውጫ ያጣና የደም ሥሮችን ይጨፈልቃል። ጡንቻ ደም ካጣ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እናንተ ወይም ልጃችሁ ከሆቨርቦርድ፣ ከብስክሌት ወይም ከደረጃ ከወደቃችሁ፦

1. ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ከማበጡ በፊት አውልቁ።
2. አትሹ፣ አትጎትቱ። ካርቶን አጥፋችሁ ከሥር ደግፉትና በሻሽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። በነጠላ አንገት ላይ አንጠልጥሉት።
3. በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት።
4. ጣቶችን በየጊዜው እዩ። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጄሶ የታሰረ ሰውም ይህ ከታየበት በዚያው ሰዓት ይመለስ።
5. ጭንቅላት ከተመታና ማስታወክ፣ ግራ መጋባት፣ ከባድ እንቅልፍ ወይም ከጆሮና ከአፍንጫ ፈሳሽ ከመጣ አትጠብቁ።

እኔም በካርቶንና በእህቴ ነጠላ ታስሬ ጎንደር ገባሁ። ራጁ ንጹህ ነበር! ግን አውራ ጣት ወደ ላይ ሲገተር ከሥሩ የምትታየው ጎድጓዳ ቦታ ስትነካ ታመኛለች። እዚያ ስካፎይድ የምትባል ትንሽ አጥንት አለች። ስብራቷ በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል፤ የደም አቅርቦቷም ደካማ ስለሆነ ችላ ከተባለች ላትገጥም ትችላለች። ስለዚህ ለጥንቃቄ ታሰረልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራጁ ሲደገም መስመሯ ታየች። «ራጁ ምንም የለውም» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ተመለሱ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ልጆቻችሁን አትከልክሉ፤ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው። ሄልሜት፣ የአንጓና የጉልበት መከላከያ ይኑር። ቦታው ደረቅ፣ ሜዳና መኪና የሌለበት ይሁን። ጀማሪውን አንድ ሰው እጁን ይያዘው፣ መውረድን አስቀድማችሁ አለማምዱ። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ500,000 በላይ ሆቨርቦርዶች ባትሪያቸው እሳት ስለሚያስነሳ ከገበያ ተሰብስበዋል፤ ስለዚህ ተኝታችሁ ሳለ ቻርጅ ላይ አትተዉት።

ያ የእህቴ ልጅ ጄሶዬ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ልንገራችሁና ላብቃ፦ «አጎቴ፣ መቆም ብቻ ነው ያልኩህ!»

ለልጁ ሆቨርቦርድ ለገዛ ወዳጃችሁ አጋሩት። መልካም ጤና!