እናቱን ፍለጋ የኰበለለው ልጅ

ከአባቱ ቤት የሚኰበልል ጎረምሳ በሲኒማ ዘንድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል በታየው «ዋይልድሁድ» በተሰኘው የካናዳ ፊልም ውስጥ ግን ኰብላዩ የሚሻው እናቱን ነው።

የሊንክ እናት ከአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች፣ ከሚክማቅ ወገን ናት። ሞታለች እየተባለ ከጨካኝ አባቱ ጋር ያደገው ልጅ ጠጕሩን ቢጫ አቅልሞ፣ ቋንቋዋን ሳያውቅ ጎርምሷል። በሕይወት መኖሯን በጠረጠረ ጊዜ ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ ይነሣል። በመንገድም ፓስመይ የሚባል የሚክማቅ ወጣት ጨፋሪ ይቀላቀላቸውና ከሊንክ ጋር ይዋደዳሉ።

መንገዱ አልፎ አልፎ ይንዛዛል። ነገር ግን ሊንክ ፍቅርንና የእናቱን ቋንቋ ከአንድ አንደበት መስማቱ ታሪኩን ከብጤዎቹ ይለየዋል። ደራሲውና አዘጋጁ ብሬተን ሃናም ራሳቸው ሚክማቅ ሲሆኑ፣ ወንድነትና ሴትነት በአንድነት ያደሩበት ሰው በሚጠራበት «ባለ ሁለት መንፈስ» በሚለው ስም ይጠራሉ። ፓስመይን ሆኖ የተጫወተው ጆሽዋ ኦጂክም በ2022 የካናዳን የፊልም ሽልማት በረዳት ተዋናይነት ተቀብሏል።