መሰንቆ ያስተማረው ጣት

ቫዮሊን አንገቱ ላይ መለያ ብረት የለውም። ጊታር ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ ብረቱ ይነግራል፤ ቫዮሊን ላይ የሚናገረው ጆሮ ብቻ ነው። ጀማሪ ሁሉ በዚህ ያማርራል፤ ድምፁ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ እያለ ያስቸግረዋልና። የመሣሪያው ትልቁ ሀብት ግን ይኸው ነፃነት ነው። ጣት ክሩን ሳይለቅ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መጓዝ ይችላል፤ ሲጓዝም መንገዱ ራሱ ይሰማል። ይህ በአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ፖርታሜንቶ ይባላል፣ ወጣቶቹ ስላይድ ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ ማንሸራተት ተብሏል።

አሰላን በመሰለ ከተማ ቫዮሊን የጀመረ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ስልኩ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ተጫዋች ጣቱን ሲያንሸራትት ያያል፣ እሱም ያንሸራትታል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ለቅሶም ዘፈንም ሳይሆን ይቀራል። ይህ ወጣት የሚያስፈልገው ትምህርት ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ሠርግና ዓመት በዓል ላይ መሰንቆ ይዞ የሚመጣውን ሰው ግራ እጅ ቀረብ ብሎ ማየት ነው።

መሰንቆን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቆዳ የለበሰ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ረጅም አንገት፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን። የቫዮሊን ደጋንም የሚወጠረው በፈረስ ጭራ ነው። ፈረስ ለአርሲ ደጋ ክብሩም መጓጓዣውም ስለሆነ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች እዚህ አገር ባዕድ የሚባል ነገር አልያዙም።

ሰው ሁሉ አይቶት ልብ የማይለው ነገር አንድ አለ። የመሰንቆ ተጫዋች ክሩን አንገቱ ላይ አይጫነውም። ክሩ ከእንጨቱ ርቆ ስለተወጠረ ጣቱ አየር ላይ እንዳለ ይነካዋል፤ ከእንጨት ጋር አያጣብቀውም። ስለዚህ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄድ የሚታገለው ነገር የለም። የጣቱ ክብደት አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል፣ ክሩ ግን አይለቀቅም። ቫዮሊን ተማሪዎች ደግሞ ገና ከጅምሩ ክሩን እስከ እንጨቱ ድረስ አጥብቀው እንዲጫኑ ይነገራቸዋል። ለቆመ ድምፅ ይህ ምክር ይሠራል። ለሚንሸራተት ድምፅ ግን ትልቁ መሰናክል እሱ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ከምንም በላይ ሊያርመው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ብዙዎች «ድምፁ እንዳይቋረጥ ሲንሸራተት አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል» ብለው ያምናሉ። ተጭኖ የሚሄድ ጣት ግን ይጎትታል፣ ክሩ ጫፉን ይልጠዋል፣ አውራ ጣት ከኋላ ሆኖ ይቆነጥጣል፣ ክንድ ይደርቃል። የሚሰማውም እንደ በር ማጠፊያ የሚያጉረመርም ድምፅ ነው። ድምፁን የሚያቆየው የደጋኑ ጉዞ ነው። ጣቱ ክሩን ጨርሶ እስካልለቀቀ ድረስ ደጋኑ እኩል ከተጓዘ ድምፁ አይቋረጥም።

መለማመጃው ቀላል ነው። ላ ክር ላይ አንደኛ ጣት ሲ ላይ ይቀመጥ። መጀመሪያ ምንም ሳይጫኑ፣ ክሩን እየነኩ ብቻ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተት። እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ በአንዳንድ ቦታ ፉጨቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለምሳሌ የክሩ እኩሌታ ላይ ከባዶው ክር አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይጮኻል። ይህ የቀላሉ ጫፍ ነው። ከዚያ ክብደት ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ፉጨቱ ወደ ሙሉ ድምፅ የሚለወጥበትን ቦታ መፈለግ ነው። ማንሸራተት የሚኖረው እዚያ ላይ ነው፤ ከፉጨት ትንሽ ከፍ፣ ከሙሉ ጭነት ብዙ ዝቅ ብሎ። ጣቱ ሲነሳ ሙሉ፣ መንገድ ላይ ቀላል፣ ሲደርስ እንደገና ሙሉ ይሆናል።

አውራ ጣት አብሮ ይጓዝ። አውራ ጣቱን ቦታው ላይ ተክሎ ሌሎቹን የሚልክ ተጫዋች ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አውራ ጣት እንዲጓዝ ደግሞ ቫዮሊኑ በአገጭና በትከሻ መያዝ አለበት፤ መሣሪያውን በግራ እጁ የሚሸከም ሰው ያንኑ እጅ ማንቀሳቀስ አይችልም። ተቀምጦ የሚጫወት አዝማሪ መሰንቆውን ጭኑ ላይ ያሳርፋል፤ እጁ ነፃ ነው። የደቡብ ህንድ የካርናቲክ ቫዮሊን ተጫዋቾችም መሬት ላይ ተቀምጠው የቫዮሊኑን ራስ ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ቫዮሊን ወደ ህንድ ሙዚቃ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ባሉስዋሚ ዲክሺታር ለዚህ ስማቸው ይነሳል። ህንዶቹ መሣሪያውን ሲቀበሉ አያያዙን ለውጠውታል፤ ሙዚቃቸው ያለ ማንሸራተት ስለማይሆን እጁን ነፃ የሚያወጣ አቀማመጥ ፈለጉለት።

የቫዮሊን ክር ከላይኛው መነሻ እስከ ታችኛው ድልድይ 33 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ላ ክር ላይ ከሲ ወደ ሬ ለመሄድ ጣቱ 4.6 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ያው ዝላይ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ሲሠራ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከፍ ባለ ቦታ ላይ የሚያንሸራትት ሰው እጁን እንደ ታች ከወረወረው አልፎ ይሄዳል።

ከሲ ወደ ሬ የተመረጠው በምክንያት ነው። ትዝታ ሬ ላይ ሲቃኝ ድምፆቹ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ እና ሲ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ላይኛው ሬ ይመጣል። ከሲ እስከ ሬ ያለው ክፍተት አንድ ተኩል ድምፅ ነው፤ ከፋ ሻርፕ እስከ ላም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ቅኝቶች አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው እንዲህ ያሉ ሰፊ ክፍተቶች አሏቸው፤ መሰንቆም ድምፃዊም የሚያንሸራትቱት በአብዛኛው እነሱ ላይ ነው።

አደጋውም ያለው እዚያው ነው። ከሲ ወደ ሬ የሚሄድ ጣት በዶ እና በዶ ሻርፕ ላይ ያልፋል። ሁለቱም የዚህ ትዝታ አይደሉም። ጣቱ በእኩል ፍጥነት ከተጓዘ ሁለቱም ይሰማሉ። ዶ ሻርፕ ላይ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ሬ ላይ የተቃኘ ባቲ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ እና ዶ ሻርፕ ስለሆነ፣ አድማጩ ለአፍታ ባቲ ይሰማል። ትዝታ እየዘፈኑ መሀል ላይ ባቲ መንካት የዘፈኑን ስሜት ያደናግረዋል። ብዙ ጀማሪዎች «ለምን የእኔ ትዝታ ትዝታ አይመስልም?» ብለው የሚጨነቁበት ጉዳይ ይኸው ነው። ድምፆቹ ትክክል ናቸው፤ መንገዱ ነው የተሳሳተው።

መፍትሔው የፍጥነት አከፋፈል ነው። ጣቱ ከሲ ላይ ዘግየት ብሎ ይነሳል፣ የመንገዱን መሀል በፍጥነትና በቀላል ክብደት ያልፋል፣ ሬ ሊደርስ ሲል እንደገና ይረጋጋል። ደጋኑም መሀል ላይ ጭነቱን ይቀንሳል። እንዲህ ሲሆን ጆሮ የሚይዘው መነሻውንና መድረሻውን ነው፤ መሀሉ እንቅስቃሴ ሆኖ ይሰማል እንጂ ድምፅ ሆኖ አይሰማም። ጎበዝ መሰንቆ ተጫዋች ይህን ሳይቆጥር ያደርገዋል።

ጠባቡ ክፍተት ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከመነሻቸው ቀጥሎ ግማሽ ድምፅ አላቸው፤ ሬ ላይ ሲቃኙ ከሬ ወደ ሚ ቤሞል። ላ ክር ላይ ይህ 1.4 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። እዚህ ላይ እጅን ማንቀሳቀስ ትርፍ ነው፤ የታጠፈው የጣት አንጓ ቢዘረጋ ይበቃል። ሰፊውን ክፍተት በክንድ፣ ጠባቡን በጣት።

ጸሐፊው አሰላ ውስጥ ሠርግ ላይ ያገኘው አንድ አዝማሪ እንዴት እንደሚያንሸራትት ሲጠየቅ ማብራሪያ አልሰጠም። ስንኙን መጀመሪያ በድምፁ አንጎራጎረው፣ ከዚያ በመሰንቆው ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይንሸራተት ነበር። ይህ ዘዴ ለቫዮሊን ተማሪም ይሆናል፤ ጉሮሮ ያላንሸራተተውን ጣት አያንሸራትተው። የኢትዮጵያ ጆሮ ለዚህ ከጥንት ጀምሮ የሠለጠነ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክቶች ውስጥ ድፋትና ርክርክ ያሉት ድምፅ የሚወርድበትንና የሚርገበገብበትን መንገድ ለማሳየት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ ልጅ ቫዮሊን ሳይነካ በፊት እነዚህን ሰምቷቸዋል።

በአውሮፓም ማንሸራተት ሁልጊዜ እንደ ዛሬው የተቆጠበ አልነበረም። ቫዮሊን ተጫዋቹ ዮሴፍ ዮአኪም እ.ኤ.አ. በ1903 የቀረጻቸውን ጥቂት ሸክላዎች የሰማ ሰው በማንሸራተቱ ብዛት ይገረማል። ሊዮፖልድ አወር እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተሙት የማስተማሪያ መጽሐፍ ልማዱ በዝቷል ብለው ተቆጥተዋል፤ ዜማው ሲወርድ ካልሆነ በቀር እምብዛም እንዳይደረግ መክረዋል። ከተማሪዎቻቸው መካከል ያሻ ሃይፌትዝና ሚሻ ኤልማን ይገኛሉ፤ ሁለቱም በማንሸራተታቸው የታወቁ ናቸው። ካርል ፍሌሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 ማንሸራተትን ለሁለት ከፍሎ አስቀምጦታል። በመጀመሪያው ዓይነት የሚንሸራተተው መነሻው ላይ ያለው ጣት ሲሆን አዲሱ ጣት መድረሻው ላይ ያርፋል፤ በሁለተኛው መድረሻውን የሚይዘው ጣት ከታች ተነስቶ ራሱ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ስሜቱ የበረታ ነው። ለእንጉርጉሮ የሚቀርበው እሱ ነው፤ የሰው ድምፅ ቃሉን ከጀመረ በኋላ ወደ ቁመቱ ስለሚደርስ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት የአውሮፓ ተጫዋቾች ማንሸራተትን እየተዉ ሄዱ። ዛሬ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ «ቦታ ስትቀይር እንዳይሰማ» የሚል ምክር የሚሰማው ከዚህ ልማድ የተነሳ ነው። ለሞዛርት ጥሩ ምክር ነው። ለትዝታ ግን ግማሹን ዘፈን ይቆርጣል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በዓለም የታወቁት በፒያኖ ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ቫዮሊንም የተማሩ መሆናቸውን ነው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ጀምረውት፣ በኋላ ካይሮ ውስጥ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ጋር ቀጠሉ፤ በቀን 9 ሰዓት ሲለማመዱ ከዚያ ውስጥ 4ቱ የቫዮሊን ነበር። ፒያኖ ማንሸራተት አይችልም። የእማሆይን ፒያኖ በጥሞና የሰማ ሰው ግን ዋናው ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ፈጠን ብለው የሚያልፉ ትንንሽ ድምፆችን ያገኛል፤ ቁልፍ መሀል ላይ የሌለውን መንገድ በጣት ቅልጥፍና እንደመፈለግ ነው። ቫዮሊን የያዘ ሰው ይህ መንገድ ከክሩ ጋር ተሰጥቶታል።

ይህ ስጦታ እንዳይባክን ነው ሁሉም ድምፅ ላይ የሚያንሸራትቱትን መገሠጽ የሚገባው። ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወቱ አንዳንድ ልጆች የድምፅ ማጠፊያውን መንኮራኩር ከእጃቸው አይለዩትም፤ ቫዮሊን ተማሪዎችም ያንን ይቀዳሉ። መሰንቆ ተጫዋች በአንድ ሐረግ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ያንሸራትታል፤ ቦታውን የሚመርጠው ቃሉ ነው። ስሜት ያለበት ቃል ላይ እንጂ «እና» ላይ አይንሸራተትም። መሣሪያ ብቻውን ሲጫወትም ግጥሙን በልብ መያዝ ይበጃል።

ከቴክኒኩ ውጪ የመሣሪያው ሁኔታም አለ። ርካሽ የፋብሪካ ቫዮሊኖች አንገታቸው ላይ ወፍራም ቫርኒሽ ይቀባባቸዋል፤ እጅ ሲያልበው አውራ ጣት ይጣበቃል፣ ማንሸራተቱም ይንገጫገጫል። አንገቱን ከልምምድ በፊትና በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ካልሆነም ቫርኒሹን በባለሙያ ማስነሳት ያስፈልጋል። ክሩም ይጠረግ፤ የደጋኑ ሙጫ ዱቄትና ላብ የተጋገረበት ክር ጣትን ይይዛል።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የጭላሎ ተራራ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። በደነዘዘ ጣት ክብደት መለካት አይቻልም፤ እጅን ማሞቅ ይቀድማል። በክረምት እርጥበት የመሰንቆው ቆዳ ስለሚላላ ተጫዋቾች ፀሐይ ወይም እሳት ያሳዩታል። ቫዮሊን ግን እሳት አጠገብ አይቀርብም፤ ሙጫው ይላቀቃል። በክረምት መቃኛ ቁልፎቹ እንጨታቸው አብጦ አልዞር ይላሉ፣ በበጋ ደርቀው ይንሸራተታሉ። በበጋ ልምምድ የጀመረ ተማሪ ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ክሩን ደግሞ ይቃኝ፤ ላ ክሩ ወርዶ ከሆነ 4.6 ሳንቲሜትር የተጓዘው ጣት ያረፈበት ሬ ከሌሎቹ ክሮች ጋር አይስማማም።