የወፍ ጩኸት እንደ ማኅተም

የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በደረሰን ጊዜ፥ ገና ቃሉን ሳናነብ፥ ዐይናችን የሚያርፈው በማኅተሙ ላይ ነው። ራዲዮ ግን ወረቀት ስለሌለው ማኅተሙን በጆሮ ላይ ማተም ግድ ሆነበት። ለዛሬ ያሰብነው፥ የራዲዮ ጣቢያዎችና የንግድ ድርጅቶች ይህን የጆሮ ማኅተም ከፒያኖና ከደወል ብቻ ሳይሆን ከወፍና ከአውሬ ጕሮሮ ጭምር እንዴት እንደ ወሰዱት፥ ምን እንዳተረፉበትና የት ላይ እንደ ተሰናከሉ ለአንባቢዎቻችን ለማጫወት ነው። ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጥንት ጊዜ ነጋሪት ሲጐሰም የሰማ ሰው፥ የአዋጁ ቃል ገና ሳይነበብ፥ የሚናገረው መንግሥት መሆኑን ያውቅ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የሕግ ማውጫው ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙን ከዚሁ ከበሮ ወስዶ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ፤ እስከ ዛሬም ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል። የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያገላብጠው ወረቀት በድምፅ የተጠራ መሆኑን ስንቱ ልብ ብሎት ይሆን?

በአጭር ሞገድ ራዲዮ ዘመን የመለያ ድምፅ የጌጥ ነገር አልነበረም። አድማጩ ቍልፉን ቀስ እያለ ሲያዞር ባንዱ ጥግ አረብኛ፥ ባንዱ ሩስኛ፥ ባንዱ ደግሞ ጩኸት ብቻ ይመጣበታል፤ ድምፁም አንዴ ይጐላል፥ አንዴ ይሰጥማል። ስለዚህ ጣቢያው ዝግጅቱን ከመጀመሩ ጥቂት ደቂቃዎች አስቀድሞ አንዲት አጭር ድምፅ እየደጋገመ ያሰማል። አድማጩም «ያገኘሁት እርሱን ነው» ብሎ ቍልፉን ያስተካክላል። ቋንቋውን የማያውቅ እንኳ ድምፁን ያውቃል።

ብዙዎቹ አገሮች ለዚህ ሥራ የሙዚቃ ቁራጭ መረጡ። ኒው ዚላንድ ግን ጥርት ያለች የደወል ድምፅ ያላትን፥ የአገሬው ማኦሪዎች ኮሪማኮ የሚሏትን ወፍ አሰማች። አውስትራሊያ ደግሞ ኩካቡራ የተባለውን ወፍ መረጠች፤ ይህ ወፍ ንጋትና ምሽት ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ክልሉን ለማስከበር ሲጮህ፥ ሰው ተሰብስቦ ከት ከት ብሎ የሚሥቅ ይመስላል። በራዲዮ አውስትራሊያ ሣቁን የሰማ የሩቅ አድማጭ አገሩን ባያይም አይረሳውም ነበር። የዚያ ጣቢያ የአጭር ሞገድ ሥርጭት በ2017 በጥር ወር መጨረሻ ተዘጋ።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ፥ ዛምቢያ በ1964 ነጻ ስትወጣ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ንስር አኖረች፤ ራዲዮዋም የዓሣ አዳኙን ንስር ጩኸት መለያው አደረገ። ይህ ራሱ ነጭ የሆነ ንስር የእኛም ጎረቤት ነው። በዝዋይ፥ በላንጋኖ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደረ ሰው፥ ጠዋት ወንዱና ሴቲቱ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሲጠራሩ ሰምቶ ይሆናል። ደቡብ አፍሪካም ከ1966 ጀምሮ በራዲዮ አር.ኤስ.ኤ. ለዓለም ስትናገር ቦክማኪሪ የተባለችውን ወፍ ታስቀድም ነበር፤ ስሟ ራሱ ከጩኸቷ የተወሰደ ነው። ጣቢያው የአፓርታይድ መንግሥት ልሳን ነበርና ከወፏ ዜማ ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ ሌላ ነው። ወፏ ግን በዚያ ሕግ ላይ አልፈረመችም። የተፈጥሮ ድምፅ አንዱ ጥቅሙም አንዱ አደጋውም ይህ ነው፤ ንጹሕ ስለሆነ ንጹሕ ያልሆነውን ነገር ሊሸፍን ይችላል።

ስለ ምን ወፍ ተመረጠች? ባለሙያው የሚመልሰው መልስ ከስሜት ይልቅ ከፊዚክስ ትምህርት ጋር ይገናኛል። የሰው ጆሮ እጅግ ንቁ የሚሆነው በሴኮንድ ከ2000 እስከ 5000 በሚደርስ ንዝረት ላይ ነው። የአጭር ሞገድ ራዲዮ ደግሞ ከ5000 በላይ ያለውን በአብዛኛው አያሳልፍም። የብዙ ወፎች ዜማ ጆሮም ራዲዮም በሚቀበሉት በዚሁ መካከል ይውላል። ጥቂት ጥርት ያሉ ድምፆች ብቻ ስላሉትም፥ ግማሹ በማዕበል ቢጠፋ የቀረው ግማሽ ያሳውቃል።

በዚህ አንጻር ሲታይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የውሃ ድምፅ አይጠቅምም። ፏፏቴና ዝናብ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ንዝረት ባንድነት የያዙ ናቸው፤ በራዲዮ ሲመጡ ከሞገድ ሽሽታ አይለዩም። ጢስ ዓባይን የመሰለ ግርማ ያለው ነገር በዐይን ሲታይ ልብ ይሰርቃል፤ ድምፁን ብቻ ቀድቶ የሚያሰራጭ ጣቢያ ግን አድማጩ «ራዲዮዬ ተበላሸ» ብሎ እንዲያጠፋው ያደርጋል።

ከሁሉ የሚያከራክረው የእውነትነት ጉዳይ ነው። ኤም.ጂ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ የፊልም ኩባንያ የአንበሳውን ድምፅ በ1928 ለተመልካች ማሰማት ጀመረ። በ1980ዎቹ ግን ጩኸቱ በአዲስ መልክ ሲቀናበር የነብር ዝርያ የሆነው የእስያው ታይገር ድምፅ ገባበት፤ እውነተኛው አንበሳ እንደሚፈለገው ያህል ቍጡ አይደለምና! በስድስት ኪሎ የተማረ ሰው በአንበሳ ግቢ አጠገብ እያለፈ እውነተኛውን ግሣት የሰማ እንደ ሆነ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ከሆድ የሚወጣ ረጅም ማቃሰት ነው፥ በመጨረሻም አጫጭር ጕርምርምታ። የአሜሪካም መለያ የሆነው ራሰ ነጩ ንስር ድምፁ ቀጭንና ደካማ ስለሆነ፥ በፊልም ላይ ብዙ ጊዜ የሚጮህለት ቀይ ጅራት ያለው ጭልፊት ነው። አሞራው ይታያል፥ ሌላው ይናገርለታል።

የእንግሊዝ ራዲዮም ከዚህ ሐሜት አላመለጠም። ቢ.ቢ.ሲ. በግንቦት 1924 ናይቲንጌል የተባለችውን የሌሊት ዘማሪ ወፍ፥ ቢያትሪስ ሃሪሰን በአትክልት ቦታዋ ቼሎ ስትመታላት፥ በቀጥታ አሰማ። ሥርጭቱ ስለተወደደ በየዓመቱ ተደገመ። በ1942 ግን ወፏ ስትዘምር ወደ ጀርመን የሚሄዱ የቦምብ ጣዮች ጕምጕምታ በማይክሮፎኑ ገባ፤ መሐንዲሱም ጠላት ይሰማዋል ብሎ ሥርጭቱን ቈረጠ። በ2022 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሌሊት ዘማሪ ወፍ ሳትሆን በፉጨት የምታስመስል ሴት ሳትሆን አትቀርም የሚል ክርክር ተነሣ። በእኛ አስተያየት ማስመሰል በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ ነገር ግን የአገር ማኅተም ይሁን የተባለ ድምፅ ከውሸት ጕሮሮ ሊወጣ አይገባም።

ማስመሰል ብቻውን የቀረበት ጊዜም አለ። በኒው ዚላንድ ሁያ የምትባል ወፍ ነበረች፤ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጥ የታየችው በ1907 ነው፤ ድምፅዋን የቀዳ ሰው አልነበረም። በ1949 ግን ሄናሬ ሃማና የተባለ ማኦሪ፥ በወጣትነቱ ወፏን በፉጨት ይጠራት የነበረ ሰው፥ በዌሊንግተን ስቱዲዮ ተቀምጦ ፉጨቱን አስቀዳ። ዛሬ የሁያ ድምፅ ተብሎ የሚሰማው ይህ የአንድ ሽማግሌ ትንፋሽ ነው። እዚያው አገር ጆን ኬንድሪክ የተባለ የድምፅ ባለሙያ በሕይወት ያሉትን ወፎች በየጫካው እየተከተለ የቀዳው፥ በብሔራዊው ራዲዮ በማለዳ ይሰማል።

አሁን ደግሞ ለወጣት ሹማምንት የሚቀርበውን ጉዳይ እናንሣ፤ ይኸውም የባለቤትነት ነገር ነው። ሺልድ ማርክ የሚባል የሆላንድ ድርጅት የዶሮ ጩኸትን የንግድ ምልክቱ አድርጎ «ኩኬሌኩ» በሚል ጽሑፍ አስመዘገበ። ሌላ ሰው ቢጠቀምበት ክስ ተነሣ፤ ነገሩም እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ኅዳር 27 ቀን 2003 በሰጠው ፍርድ ጽሑፉን አልተቀበለም። ምክንያቱም ጩኸቱ በጽሑፍ ሲገለጽ ከሰው ሰው፥ ካገር አገር ይለያያል። እውነትም ፈረንሳዊው «ኮኮሪኮ» ይላል፤ የእኛ ልጆች በድብብቆሽ ጨዋታ «ኩኩሉ» ይላሉ፤ ዶሮው ግን አንድ ነው። አውሮፓ ይህን ችግር ያቃለለችው ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የተቀዳውን ድምፅ ራሱን ለመዝገብ በመቀበል ነው።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 501 ምልክትን «የሚታይ» ብሎ ተረጐመው። በዚህ አባባል የአንድ የቡና ላኪ ድርጅት የሙቀጫና የዘነዘና ምት፥ ወይም የአንድ አየር መንገድ የወፍ ዜማ፥ ቢወደድም ቢታወቅም በመዝገቡ በር አይገባም። ጕዳዩ ተራ አይደለም፤ ዛሬ ገንዘብ በቴሌፎን ሲከፈል፥ መኪና ያለ ሞተር ድምፅ ሲሄድ፥ ድምፅ ለንግድ የሚሰጠው አገልግሎት እየበዛ ነው። ሕጉን የሚያረቅቅ ሰው ግን አንድ ነገር እንዲያስብ እንወዳለን፤ ሊመዘገብ የሚገባው የተወሰነው ቅንብር እንጂ ወፏ ራሷ መሆን የለባትም። የጭላዳ ዝንጀሮ ጫጫታ የሰሜን ተራሮች ነው፤ ማንም ቢቀዳው ሌላውን ከመቅዳት ሊከለክል አይገባም።

የአገራችንን ድምፅ ምረጡ ተብሎ ኮሚቴ ቢቋቋም፥ ክርክሩ ሳያልቅ ዓመት እንደሚያልፍ እንገምታለን። አንዱ ንስሩን ይላል፥ ዛምቢያ ቀድማለች ይባላል፤ ሌላው የጅብ ጩኸት ይላል፥ ማን ሌሊት ይሰማዋል ይባላል። እኛ ዕጩ አቅርቡ ብንባል፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን፥ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጐበጠውን ትልቅ ወፍ እናቀርባለን። ዜማ አያውቅም፤ ድምፁ ሻካራ ነው፤ ኮሚቴውም ሳይሥቅ አይቀርም። ሆኖም በማለዳ መንጋው በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ እየጮኸ ሲያልፍ፥ ተማሪውም ጸሐፊውም ቀና ሳይል ያውቀዋል።