ለጥቁር ቆዳ የበረታው ሕክምና የተሻለው አይደለም

በጋምቤላ ክልል የሚገኘው የኩሌ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡትን ለመቀበል ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ኑዌሮች ሲሆኑ፣ ቆዳቸው በዓለም ላይ እጅግ ከጠቆሩት የቆዳ ዓይነቶች የሚመደብ ነው። ፊታቸውን መታከም ለሚፈልጉ የኩሌ ወጣቶችም ሆነ በጋምቤላ ከተማና በአዲስ አበባ ለሚኖሩ ጠይምና ጥቁር ሰዎች አንድ የጋራ ችግር አለ፤ በውበት ሳሎንና በክሊኒክ የሚቀርቡት ፌሻል፣ ፒሊንግና ሌዘር በብዛት የተፈተኑት በነጭ ቆዳ ላይ ነው። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡትና ዛሬም የሌዘር ኃይል የሚመጠንበት የቆዳ አመዳደብ እንኳ መጀመሪያ ነጭ ቆዳን ብቻ በአራት የሚከፍል ነበር፤ ቡናማውና ጥቁሩ የተጨመሩት ኋላ ላይ ነው። ስለዚህ ለእኛ ቆዳ ሕክምና ሲመረጥ የመጀመሪያው መለኪያ የሕክምናው ብርታት መሆን የለበትም። መለኪያው ችግሩ ያለበት ጥልቀትና ሕክምናው ራሱ በቆዳው ላይ የሚያስነሣው መቆጣት ነው።

ምክንያቱ በቆዳው አሠራር ውስጥ አለ። ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ቁጥር በነጭም በጥቁርም ሰው ዘንድ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለየው የሚያመርቱት ሜላኒን ብዛትና በቆዳው ውስጥ የሚሠራጭበት መንገድ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ እነዚህ ሴሎች ንቁ ስለሆኑ ብጉር፣ ጭረት፣ ቃጠሎ ወይም ኃይለኛ አሲድ ሲያስቆጣቸው ብዙ ቀለም ያመነጫሉ፤ ቁስሉ ድኖም ጥቁር ምልክት ይቀራል። ቀለሙ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ከቀረ ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ በወራት ውስጥም ይደበዝዛል። ወደ ታችኛው ሽፋን ከወረደ ግን ግራጫ መስሎ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ምልክቱን ለማጥፋት ተብሎ የሚሰጥ የበረታ ሕክምና ቆዳውን ካስቆጣ፣ ሊያጠፋው የመጣውን ምልክት እንደገና ይፈጥራል ማለት ነው።

በዚህ መለኪያ ብንሄድ ምርጫው ይቀላል። ብጉር ገና እየወጣ ያለ ሰው ጠባሳ ማጥፊያ ከመፈለጉ በፊት ብጉሩን ማስቆም አለበት፤ ለዚህም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ አዳፓሊን ወይም አዜላይክ አሲድ ያለበት ቅባት ለወራት በትዕግሥት መጠቀም ከአንድ ቀን ፌሻል ይበልጣል። ነፍሰ ጡር ሴት አዳፓሊንን መተው ይኖርባታል። ብጉሩ ቆሞ ጥቁር ነጥብ ከቀረ፣ በሐኪም እጅ የሚደረግ ቀለል ያለ የሳሊሲሊክ አሲድ ፒሊንግ ያግዛል፤ ይህ አሲድ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ በወዛም ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል፣ የማስቆጣት አቅሙም አነስተኛ ነው። ብጉሩ ጉድጓድ ጥሎ ከሄደ ደግሞ ችግሩ ያለው በታችኛው ሽፋን ስለሆነ ላይ ላዩን የሚልጥ አሲድ አይደርስበትም። በደቃቅ መርፌዎች ቆዳውን የሚወጋጋው ሕክምና እዚያ ይደርሳል፤ ሙቀት ስለማይጠቀምም ጥቁር ምልክት የመተው አደጋው ቆዳውን ከሚያተን ሌዘር ያንሳል። ያበጠ ጠባሳ ማለትም ኬሎይድ ከሆነ ግን መርፌ መወጋጋትም ቆርጦ ማውጣት ብቻውንም ያባብሰዋል፤ የተለመደው ሕክምና ትራያምሲኖሎን የተባለውን መድኃኒት ጠባሳው ውስጥ በመርፌ መስጠት ነው።

ሌዘር ለጥቁር ሰው ጨርሶ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። ሜላኒን አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን አብዝቶ ይመጥጣል፤ 755 ናኖሜትር ያለው የአሌክሳንድራይት ሌዘር በጥቁር ቆዳ ላይ ቃጠሎ ሊያስከትል የሚችለው ለዚህ ነው። 1064 ናኖሜትር ያለው ኤንዲ ያግ ግን ሜላኒኑን በአብዛኛው አልፎ ስለሚገባ የተሻለ ደኅንነት አለው። ስለዚህ ደንበኛ ክሊኒኩን መጠየቅ ያለበት መሣሪያው አዲስ መሆኑን ሳይሆን የሞገድ ርዝመቱንና ባለሙያው በጥቁር ቆዳ ላይ ሠርቶ እንደሚያውቅ ነው። የሕክምናውን ወሰንም ማወቅ ያስፈልጋል። በኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ የሚታዩት፣ ‹ጋር› የሚባሉት ስድስት መስመሮች በምላጭ በጥልቀት የተቀረጹ የማንነት ምልክቶች ናቸው፤ በሽታ አይደሉም። ሊያስጠፋቸው የሚፈልግ ሰው ቢኖር እንኳ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋቸው ሕክምና የለም፤ አጠፋለሁ የሚል ሻጭ አዲስ ጠባሳ ሊጨምርበት ይችላል።

በዚህ ክርክር ላይ ጠንካራ ተቃውሞ የሚነሣው ከማድያት በኩል ነው። ሐኪም የሚያዘው ቅባት ወራት ሲፈጅ፣ ከሱቅ የሚገዛው ማቅያ ክሬም ግን በሁለት ሳምንት ፊትን ያጠራል ይባላል። እውነትም ያጠራል፤ ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ አለባቸው። ነገር ግን ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ሲቋረጥም ማድያቱን ከነብጉሩ ይመልሳል፤ ሜርኩሪው ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለተኛው ተቃውሞ ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ስለሚችል መከላከያ አያስፈልገውም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ ፀሐይን የመከላከል አቅም (SPF) በአማካይ 13.4፣ የነጭ ደግሞ 3.4 መሆኑን ለክቷል። ይህ ከቃጠሎ ይጠብቃል፤ ማድያትን ግን አያግድም፤ ምክንያቱም ማድያትን ዓይን የሚያየው ብርሃንም ያባብሰዋል። ስለዚህ ማድያት ላለባት ሴት ቀለም ያለው፣ የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት የፀሐይ መከላከያ ከነጩ ይሻላል። ያን መግዛት ለማትችል ደግሞ እንደ ባሮ ወንዝ ዳርቻ ባለ ቆላ ሰፊ ባርኔጣና ጥላ ቀላል ነገር አይደሉም።

ወባና የምግብ እጥረት ባለበት መጠለያ ስለ ፊት ቆዳ መነጋገር ቅንጦት ነው የሚልም ይኖራል። ይህ አስተያየት ችግሩን ወደ ሱቅ ክሬም ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊት ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ የውበት ጉዳይ አይደለም። ነጣ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በኢትዮጵያ አሁንም አለ፣ በጊዜ ከተደረሰበትም በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል። አዲስ አበባ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል መነሻው የሥጋ ደዌ ሕክምና ሆኖ ዛሬ የአገሪቱ ዋና የቆዳ ሕክምና ማዕከል መሆኑም ቆዳን ማየት በሽታን መለየት እንደሆነ ያስታውሳል። ስለዚህ ማንም ሰው ለፊቱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ምልክት ምንድን ነው፣ የቱ ሽፋን ላይ ነው፣ ሕክምናው ቢያስቆጣኝስ ምን ይደረግልኛል? ለሦስቱ መልስ የሌለው ክሊኒክ መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ለጥቁር ቆዳ አልተዘጋጀም። መልሱን የሚያውቅ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ግን በጥቂት ቅባትና በጥሩ ምክር ብቻ ብዙ ፊት ከጉዳት ያድናል፤ እንዲህ ዓይነቱን ባለሙያ በኩሌም በጋምቤላ ከተማም ማሠልጠን ከማንኛውም ማሽን ግዢ መቅደም አለበት።