ቤት ማደስ ከእግሩ ነው

በከተሞቻችን ቤት ታደሰ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ቀለሙ መቀባቱንና ቆርቆሮው መለወጡን ነው። እኛ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ እንላለን፤ ይኸውም መሬት በተንቀጠቀጠ ጊዜ ቤቱ ቆሞ ይቀራልን? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ከራሳችን አላመነጨነውም። በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬ ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። በዚያው ሰሞን ጎረቤቷ ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ የደሴውም መንገድ ተሰነጣጠቀ። የያኔው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ መሪ የነበሩት አባ ፒየር ጉዊን ነገሩን መርምረው ጽፈውታል። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነውና ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

መሬት ሲነዋወጥ ቤቱን የሚገፋው ኃይል በቤቱ ክብደት ልክ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ከባድ ነው፤ ማሰሪያም የለውም፤ ስለዚህ ይናዳል። በቋሚና በማገር የተሠራ የጭቃ ቤት ግን ይቀላል፤ እንጨቱም ጎንበስ ቀና ይላል። ምርጊቱ ቢረግፍ እንኳ አጽሙ ሊቆም ይችላል። ከዚህም በላይ ጭቃው የቆላውን ሙቀት ይከላከላል፤ ጭዱም አፈሩም ከዚያው ከአካባቢው ይገኛል።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ሌላ ነው። ምስጥ የቋሚውን እግር ይበላዋል፤ የጠፈጠፍ ውሃ ያበሰብሰዋል። እግሩ የበሰበሰ ቤት ደግሞ በላዩ ምንም ቢያምር በነውጥ ጊዜ አይታመንም።

ስለዚህ ዕድሳት ከእግር ይጀመር። የበሰበሰው ቋሚ አንድ ባንድ ይለወጥ። ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይረፍ። ዝናቡ ከግድግዳው እንዲርቅ የጣራው ክፈፍ ረዘም ይበል። በየማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት ይመታ፤ የግድግዳው ራስም ዙሪያውን በአግዳሚ እንጨት ይታሰር። ጭቃን በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን አፍኖ ስለሚያስቀር ይላላጣል፤ በጭድ የቦካ ጭቃ ይሻላል። በብሎኬት የሚሠራም ቢሆን ማዕዘኑንና የግድግዳውን ራስ በአርማታ ይሰር። ብሎኬት ብቻውን ከግንቡ የተሻለ ዋስትና አይሰጥም።

ይህ ሁሉ አፍርሶ እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ወጪንም እንጨትንም ይቆጥባል። እኛ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንገባ ስለ ቤት ምክር እንጠየቃለን። እንግዲህ ቀለሙን ከመምረጣችን በፊት ከቋሚው ሥር ቆፈር አድርገን እንይ።